ኦሃዮ፦ ባንኩ በቤቴ ላይ ክስ መሠረተ፣ መጥሪያው ደርሶኛል። ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል?

ሞርስ ሮድ ሰፈር (ጠያቂ)፦

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ቤቱን በ2018 ገዛን። የረጅም ርቀት ትራክ ሹፌር ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ወገቤን ታምሜ ሥራ አቆምኩ። ባለቤቴ አረጋውያን ትንከባከባለች። በእሷ ደመወዝ ቀለብና መብራት ተሸፈነ፤ ሞርጌጁ (የቤት ብድሩ) ግን ተወዘፈ። አሁን ድኜ ከተማ ውስጥ ዕቃ ማድረስ ጀምሬያለሁ። እንደ ድሮው ባይሆንም ገቢ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከፍራንክሊን ካውንቲ ፍርድ ቤት ወፍራም ፖስታ መጣ። ከላይ መጥሪያ፣ ከሥሩ ክስ፣ ከዚያ የሞርጌጁ ውል ኮፒ። ባንኩ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ። የገረመኝ ባለቤቴም ተከሳሽ መሆኗ ነው። ብድሩን የፈረምኩት እኔ ብቻ ነኝ! የካውንቲው ትሬዠረርም (ገንዘብ ያዡ) ተከሳሽ ተብሏል። እሱ ደግሞ ምን ቤት ነው?

አትላንታ ያለው የአጎቴ ልጅ “በቃ በወር ውስጥ ያስወጧችኋል፣ ከአሁኑ አፓርታማ ፈልጉ” አለኝ። ቤተ ክርስቲያን የማገኘው ሰው ደግሞ “ሰርቲፋይድ ደብዳቤ ሲመጣ አትፈርም፤ ካልፈረምክ ክሱ አይንቀሳቀስም” ይላል። የማላውቀው ሰው ደውሎ “3,500 ዶላር ስጠኝ፣ ፎርክሎዠሩን (ባንኩ ቤቱን ለዕዳው የሚሸጥበትን ሂደት) አስቆምልሃለሁ” አለኝ። ስልኬን ከየት እንዳገኘው እንጃ።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። የቀረው ዋና ዕዳ 185,000 ዶላር አካባቢ ነው። ውዝፉ ከነቅጣቱ ወደ 14,000 ደርሷል። እዚሁ መንገዳችን ላይ የእኛን የሚመስል ቤት በቅርቡ 305,000 ተሽጧል። ቤቱን ማዳን እፈልጋለሁ። እሱ ካልሆነ ደግሞ እስከ ዛሬ የከፈልነው ውኃ እንዲበላው አልፈልግም። ሂደቱን የምታውቁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዱኝ።

አስተርጓሚዋ፦

ወንድሜ፣ አይዞህ። ቤቱ ዛሬም የአንተ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። ኦሃዮ ፍርድ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት በአማርኛ አስተርጉሜያለሁ። የማንንም ሰው ጉዳይ እዚህ አላነሳም። ሂደቱን ግን አውቀዋለሁ። ወገኖቻችን መልስ ባለመስጠታቸው ብቻ ቤታቸውን ሲያጡ አንጀቴ ያርራል። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ።

ሰው ለምን ዝም እንደሚል ይገባኛል። አገር ቤት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። ጋዜጣ ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ የወጣበት ቤት እንዳለቀለት ነው የምንቆጥረው። ኦሃዮ እንዲህ አይደለም። እዚህ ባንኩ እንደማንኛውም ከሳሽ ዳኛ ፊት ቀርቦ ማስረዳት አለበት። ፍርድ ሳያገኝ ቤቱን መሸጥ አይችልም። ያ ፍርድ ቤት ግን የሚጠቅምህ አንተም ከቀረብክ ነው።

ስለዚህ ከቀኑ እንጀምር። መጥሪያው የደረሰበትን ቀን ጻፍና 28 ቀን ቁጠር። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ለፍርድ ቤቱ ክለርክ (ሬጅስትራር) ታስገባለህ፣ ኮፒውን ለባንኩ ጠበቃ ትልካለህ። ባንኩ ጋ ደውሎ ማውራት መልስ አይደለም። ለባንኩ ደብዳቤ መጻፍም መልስ አይደለም። የሠራተኛዋ ድምፅ ደግ ስለሆነ ብቻ ነገሩ ተፈታ ብለህ እንዳትቀመጥ። የባንኩ ስልክ ክፍልና የባንኩ ጠበቃ ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም።

ክሱ በቁጥር የተከፋፈለ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር “አምናለሁ”፣ “እክዳለሁ” ወይም “ይህን ለማወቅ በቂ መረጃ የለኝም” ብለህ ትመልሳለህ። እውነቱን ጻፍ። ብድሩን ወስደህ አልወሰድኩም አትበል። የጠየቁት የገንዘብ ልክ ካልተዋጠልህ ግን ካድ፣ እነሱ ያስረዱ። ብድሩ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ተሽጦ ከሆነም ወረቀቱን በደንብ አስመርምር። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 የወሰነው ነገር አለ፦ ከሳሹ ክሱን በመሠረተበት ቀን መብቱ በእጁ መኖር አለበት። ክስ ከከፈተ በኋላ ወረቀት ማሟላት አይበቃውም። ይህ ሁሉንም ሰው አያድንም። ጠበቃ ግን መጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ነው።

መልስ ካልገባ ባንኩ “ተከሳሹ አልቀረበም፣ ይፈረድልኝ” ብሎ ያመለክታል። ዲፎልት ጀጅመንት የሚሉት ይህ ነው። ማንም ሳይከራከር ይፈረዳል። መልስ የሰጠ ሰው ግን ጊዜ ያገኛል፣ ሚዲዬሽንም መጠየቅ ይችላል። ፍራንክሊን ካውንቲ ፍርድ ቤት የፎርክሎዠር ሚዲዬሽን አለው። ባንኩን ወክሎ የሚቀርብ ሰው በገለልተኛ አሸማጋይ ፊት ያነጋግርሃል። ብዙ ቤት ሲድን ያየሁት እዚያ ነው። መልሱን ስታስገባ የሚዲዬሽን ጥያቄውንም አብረህ አስገባ።

“አትፈርም” ያለህን ሰው አትስማው። ሰርቲፋይድ ደብዳቤው ሳይወሰድ ከተመለሰ ክለርኩ በተራ ፖስታ ይልከዋል። ያ ካልተመለሰ ደርሶሃል ተብሎ ይቆጠራል። 28ቱ ቀን አንተ ሳታውቀው ይሮጣል ማለት ነው። አንተማ ፖስታው እጅህ ገብቷል፣ ቀኑ እየቆጠረ ነው።

ባለቤትህን የከሰሷት በጥላቻ አይደለም። በኦሃዮ ሕግ ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛው በሚይዘው ቤት ላይ ዳወር የሚባል መብት አለው። ብድሩ ላይ ባትፈርምም ይህ መብት አላት። ባንኩ እሷን ሳይከስ ቤቱን ቢሸጥ ገዢው ንጹሕ ካርታ አያገኝም። ትሬዠረሩም የገባው የንብረት ግብር ቤቱ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የሚከፈለው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ባለቤትህ የራሷን መልስ ራሷ ትፈርማለች። አንተ ጠበቃ ስላልሆንክ ለእሷ መፈረም አትችልም። ሁለታችሁ በአንድ ወረቀት ልትመልሱ ትችላላችሁ፣ ፊርማው ግን ሁለት ይሁን።

አሁን ወደ መጨረሻው ልሂድ፣ መንገዱን ሙሉውን እንድታየው። ዳኛው ለባንኩ ከፈረደ ቤቱ በማግስቱ አይሸጥም። ለሸሪፉ የሽያጭ ትእዛዝ ይወጣል። ሦስት ገለልተኛ ገማቾች ዋጋ ይተምናሉ። ብዙ ጊዜ ከውጭ አይተው ነው የሚገምቱት። ማስታወቂያ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት በጋዜጣ ይወጣል። ከዚያ ሐራጅ ይካሄዳል፣ ዛሬ ዛሬ በብዛት በኢንተርኔት ነው። በመጀመሪያው ሐራጅ ቤቱ ከግምቱ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ በታች አይሸጥም። ገዢ ከጠፋ ግን በ30 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ሐራጅ ይወጣል፣ በዚያኛው ዝቅተኛ ዋጋ የለም።

ሐራጁም መጨረሻው አይደለም። ዳኛው ሽያጩን ማጽደቅ አለበት። እስኪያጸድቅ ድረስ የተፈረደብህን ገንዘብ ከነወጪውና ከነወለዱ ለክለርኩ ካስገባህ ቤቱን ታስመልሳለህ። ግን ልዩነቱን ያዝ፦ ከፍርዱ በፊት በአብዛኛው ውል ውዝፉን ብቻ ከነወጪው ከፍለህ ብድሩን ማስቀጠል ትችላለህ። ከፍርዱ በኋላ ሕጉ የሚጠይቅህ ሙሉውን ዕዳ ነው። 14,000 ዶላርና 199,000 ዶላር እኩል አይደሉም። ለዚህ ነው አሁን ያለህበት ጊዜ ከሁሉም ውድ የሆነው።

ነገ ጠዋት የምታደርገውን ልንገርህ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ነዋሪዎች ሊጋል ኤይድ በነፃ ጠበቃ ይሰጣል። ኮሎምበስን የሚያገለግለው ሊጋል ኤይድ ኦፍ ሳውዝኢስት ኤንድ ሴንትራል ኦሃዮ ነው። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ሃድ ፈቃድ የሰጣቸው የቤት አማካሪዎችም በነፃ ያግዛሉ። በ800-569-4287 ደውለህ አካባቢህ ያለውን ጠይቅ። ፍርድ ቤት ስትቀርብ አስተርጓሚ ጠይቅ። ነፃ ነው፣ መብትህ ነው። ልጅህን አስተርጓሚ አድርገህ አትውሰድ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ቤተሰቡ ዕዳ ለዳኛ ማስረዳት የለበትም።

ክላርክስተን፦

ወንድም፣ የአጎትህ ልጅ አልዋሸህም። የነገረህ የእኛን የጆርጂያን ሕግ ነው። እዚህ ባንኩ ፍርድ ቤት አይሄድም። ከሽያጩ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ደብዳቤ ይልካል፣ አራት ሳምንት በጋዜጣ ያወጣል፣ ከዚያ ከወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ የካውንቲው ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ይሸጣል። ቴክሳስም የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው፣ ዳላስ ያለው ወንድሜ ነግሮኛል። ቨርጂንያም ያለ ፍርድ ቤት ይሸጣሉ። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢሊኖይ ግን እንደ እናንተ በክስ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሌላ ስቴት ያላችሁ ወገኖች፣ አስተርጓሚዋ የጻፈችውን 28 ቀን ለራሳችሁ እንዳትወስዱት። የየስቴታችሁን ጠይቁ። እኛ ጋ መጥሪያ ጠብቆ የሚቀመጥ ሰው ቤቱ ተሽጦ ነው የሚነቃው።

የሦስት ልጆች እናት፦

እኔም እዚሁ ኮሎምበስ ነኝ፣ ወንድሜ። ባለቤቴ ከሥራ ተቀንሶ እኛም ክስ መጥቶብን ነበር። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የዳንነው በሎን ሞዲፊኬሽን ነው፣ ባንኩ የብድሩን ውል እንድንከፍለው አድርጎ አስተካከለልን።

ማመልከቻው ላይ በርታ። ዋናው ቃል “ሙሉ” ነው። የፌዴራል ሕጉ የሚጠብቅህ ማመልከቻህ ሙሉ ሲሆን ነው። ሙሉ ማመልከቻ ከሐራጁ ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ፣ ባንኩ መርምሮ መልስ እስኪሰጥህ ድረስ ፍርድ መጠየቅም መሸጥም አይችልም። መልሱንም በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። አንድ ወረቀት ከጎደለ ግን ሰዓቱ አይጀምርም።

እኛን ያሰቃየን የጎደለው ወረቀት ነው። የባንክ ስቴትመንት ላክን፣ “ገጽ 4 የለም” አሉ። ገጽ 4 ባዶ ነው! ባዶም ቢሆን ይላክ አሉ። ከዚያ የደመወዝ ወረቀቱ አረጀ ተባለ፣ አዲስ ላክን። የችግር መግለጫ ደብዳቤውን አማካሪዋ አብራን ጻፈችልን፦ መቼ ሥራ ቆመ፣ ለምን፣ አሁን ምን ተለወጠ። አጭር ነበር፣ አንድ ገጽ። አንተ የወገብህን ሕመምና አሁን የጀመርከውን ሥራ ጻፍ፤ ባንኩ ማየት የሚፈልገው ከዚህ በኋላ መክፈል እንደምትችል ነው።

የላክሁትን ሁሉ ኮፒ አስቀርቼ፣ ያነጋገረኝን ሰው ስምና ቀን ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ሚዲዬሽን ላይ “አልደረሰንም” ሲሉ ደብተሩን አወጣሁ። አሸማጋዩ የባንኩን ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ አምጣ አለው።

መጨረሻ ላይ ለሦስት ወር የሙከራ ክፍያ ከፈልን። ያን ሳናዛንፍ ስንጨርስ ውዝፉ ወደ ብድሩ መጨረሻ ተዛወረ፣ ወርሃዊ ክፍያችንም ቀነሰ። ብድርህ ኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው) ከሆነ ፓርሻል ክሌም የሚባል መንገድ መኖሩን ጠይቅ። ውዝፉን ያለ ወለድ ለብቻው አስቀምጠው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ብድሩ ሲያልቅ ነው የሚቀበሉት።

ሞርስ ሮድ ሰፈር (ጠያቂ)፦

እህቶቼ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋጋች። ብድሩ ኤፍኤችኤ ነው፣ አሁን አየሁት። ሁለት ነገር ልጨምር። ሞዲፊኬሽኑን ቢከለክሉኝስ? ሐራጁ ከደረሰ ያ ሁሉ ኢኩቲ (ከቤቱ ዋጋ ዕዳው ተቀንሶ የእኛ የሆነው) ይቀራል ማለት ነው? ደግሞ ልጆቹ እንዳይሳቀቁ ከአሁኑ ብንወጣ አይሻልም?

አስተርጓሚዋ፦

ከሁለተኛው ልጀምር። አትውጣ። ባዶ ቤት ለባንኩ ነው የሚመቸው። ኦሃዮ ውስጥ ሰው የለቀቀው ቤት ፎርክሎዠሩ እንዲፋጠን ባንኩ ዳኛውን መጠየቅ ይችላል። ሽያጩ ጸድቆ የቤቱ ስም ወደ ገዢው እስኪዞር ድረስ እናንተ ባለቤቶች ናችሁ። ሣሩን እጨዱ፣ በክረምት ማሞቂያው አይጥፋ፣ ኢንሹራንሱ አይቋረጥ። ከተቋረጠ ባንኩ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ዕዳችሁ ላይ ይጨምረዋል። ለልጆቹ ደግሞ ሸሪፍ ነገ በር እንደማያንኳኳ ንገሯቸው፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ባንኩ ሞዲፊኬሽን ከከለከለህ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጥሃል። ማመልከቻህ ሙሉ ሆኖ ከሐራጁ ቢያንስ 90 ቀን ቀድሞ ገብቶ ከነበረ፣ በ14 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላለህ። ገቢህን አሳስተው ያሰሉበት ጊዜ አለ፤ የባለቤትህ ደመወዝ መቆጠሩን አረጋግጥ።

እሱም ካልሆነ፣ እባክህ ቤቱን ራስህ ሽጠው። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንህ። የሰጠኸንን ቁጥር እንይ። ገማቾቹ ቤቱን 300,000 ቢተምኑት፣ መጀመሪያው ሐራጅ ከ200,000 ይነሳል። አንድ ሰው በ205,000 ቢወስደው፣ ግብሩ፣ የፍርድ ቤቱ ወጪና ወለዱ ተነስቶ ለአንተ የሚተርፍህ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በሪልተር (በቤት ሽያጭ ደላላ) በ305,000 ብትሸጠው ግን ከኮሚሽኑና ከዕዳው በኋላ ከ80,000 ዶላር በላይ በእጅህ ይቀራል። ያ የልጆችህ ገንዘብ ነው። ክስ ላይ ያለ ቤት አይሸጥም የሚሉህን አትስማ፣ ይሸጣል። ዕዳው በክሎዚንጉ (ሽያጩ በሚጠናቀቅበት ቀን) ላይ ተከፍሎ ክሱ ይዘጋል። ለሪልተሩ ክስ መኖሩን በመጀመሪያው ቀን ንገረው።

ከሐራጅ ትርፍ ከተገኘ ደግሞ የአንተ ነው። ሌላ ዕዳ ጠያቂ ካለ እሱ ይቀድማል፣ ቀሪው ክለርኩ ጋ ይቀመጥልሃል። ባንኩ አስታውሶ አይደውልልህም፣ ራስህ ማመልከት አለብህ። ሐራጁ ዕዳውን ካልሸፈነ ባንኩ ጉድለቱን ሊጠይቅህ ይችላል። ለመኖሪያ ቤት ግን ሽያጩ ከጸደቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ማስፈጸም አይችልም።

ባንክራፕሲም (በፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ) አለ። ቻፕተር 13 የሚባለው ደመወዝ ላለው ሰው ነው። ፋይል እንደተደረገ ሐራጁ ይቆማል፣ ውዝፉን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ከፋፍለህ ትከፍላለህ፣ ወርሃዊውንም ጎን ለጎን። ይህን ለማድረግ ከሐራጁ ቀን በፊት መግባት አለበት። ከሐራጁ በኋላ ውዝፉን በዚህ መንገድ ማስተካከል አይቻልም። ያለ ጠበቃ አትሞክረው።

ስለዚያ 3,500 ዶላር። ስልክህን ያገኘው ክሱ የአደባባይ መዝገብ ስለሆነ ነው፤ ስምህና አድራሻህ እዚያ አለ። የፌዴራል ሕግ እንዲህ ዓይነት ድርጅት ከባንኩ የጽሑፍ ስምምነት አምጥቶልህ አንተ ሳትቀበለው በፊት ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። “የቤቱን ስም ለጊዜው ወደ እኔ አዙረው፣ ኪራይ እየከፈልክ ኑር” የሚል ከመጣ ደግሞ በሩን ዝጋበት። አማርኛ ተናጋሪ መሆኑ፣ አብሮህ መቀደሱ ወይም መስገዱ ዋስትና አይሆንም።

ሞርስ ሮድ ሰፈር (ጠያቂ)፦

ገባኝ። ለሊጋል ኤይድ ደውዬ ሐሙስ ቀጠሮ ሰጡኝ፣ ባለቤቴም ትመጣለች። ምን ምን ይዘን እንሂድ?

አስተርጓሚዋ፦

ፖስታውን እንዳለ፣ አንድም ገጽ ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ። ፖስታውንም ራሱን አትጣለው፣ ቀኑ እሱ ላይ ነው። የሁለታችሁን የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ያለፈውን ዓመት ታክስ፣ የሞርጌጁን የመጨረሻ ስቴትመንት፣ ከሐኪም የተሰጠህን የሕመም ወረቀት ጨምሩ። ስትደውል አማርኛ አስተርጓሚ ካልጠየቅህ ዛሬ መልሰህ ደውልና አስመዝግብ፤ በስልክም ቢሆን ያቀርባሉ። ጠበቃው 28ኛው ቀን የትኛው እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቀው። ማክሰኞና ዓርብ ማታ እዚህ እገባለሁ፣ መልሱን ካስገባችሁ በኋላ የሚዲዬሽን ቀን ሲደርሳችሁ ጻፍልኝ።